ስድስት ሙታንታ፣ አንድ ክረምት

ሐምሌ 3
ይህን ደብተር የጀመርኩት ታዝዤ ነው። ዶክተሯ «የጠጡትን፣ የሸኑትን፣ ያመለጠዎትን፣ ምን ሲያደርጉ እንዳመለጠዎት በየቀኑ ይጻፉ፤ በጥቅምት ሲመጡ አብረን እናየዋለን» አለችኝ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ ስትናገር ምንም አላፈረችም፣ እኔ ነኝ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ የቆየሁት። ፕሮስቴቴ በኦፕራሲዮን ወጥቶ፣ የሽንት ቱቦው ከተነቀለልኝ ሃያ ቀን ሆነኝ። ብዙውን ሰው በስድስት ወር ይተወዋል፣ አንዳንዱን ዓመት ይቆይበታል ብላለች።
ሻይ ሁለት፣ ውሃ አንድ ብርጭቆ። አራት ሰዓት ላይ ጣቃ ጨርቅ ሳነሳ አመለጠኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ሳስነጥስ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝም ብዬ ዝናቡን ስሰማ።

ሐምሌ 5
ለባይነሽ አልነገርኳትም። ቱቦው የወጣ ቀን «በቃ፣ ዳንኩልሽ» ስላት እልል ብላ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እልል የተባለበትን ነገር መልሶ «ኧረ ገና ነኝ» ማለት እንዴት ይቻላል? ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ኮሌታዬ ተጨማዶ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ልብስ ነው። ያን ሰው አግብታ ይህን ሰው እንድታገኝ አልፈልግም።
ሶፋው ላይ ነው የምተኛው። «ቁስሉ እንዳይነካብኝ» ብያታለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋውን ለብቻዋ ስታነጥፍ እሰማታለሁ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ
ራጉኤል በር ላይ ስንደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። ከሴት ጋር ያደረ፣ ደም የሚፈሰው፣ ሰውነቱ ያልደረቀ ሰው ያን ቀን ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔን ከቤት እስከዚህ ስንመጣ ሁለቴ አምልጦኛል። ባይነሽ ወደ ሴቶቹ በር ልትሄድ ስትል ዞረች።
«አትገባም እንዴ?»
«ዛሬ አልገባም።»
«አንተ ብቻ?»
«እኔ ብቻ።»
ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ሰው አልገባም ሲል ለምን አይባልም፤ ነውር ነው። እሷ ደግሞ ነውር ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት፣ ምን ነክቷት እንደጠየቀችኝ እንጃ።

ሐምሌ 9
የዩኒፎርም ወቅት ገባ። ሰማያዊ ሱሪ፣ ሰማያዊ ሱሪ፣ ሰማያዊ ሱሪ። ሻይ አንድ ብቻ። ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር ጠብ ይላል። ቆሞ አይሰፋ ነገር።

ሐምሌ 10
ፋርማሲ ገብቼ ዳይፐር ጠየቅኩ። ልጅቷ ከመደርደሪያው ጥግ ሆና «የሕፃን ነው የአዋቂ?» ብላ ጮኸች። ከኋላዬ ሦስት ሰው አለ። ድምፄ አልወጣ ሲል የሕፃን ሰጠችኝ፤ ይዤ ወጣሁ። የልጅ ልጅ እንኳ የለኝም።

ሐምሌ 11
ሌላ ፋርማሲ፣ ራቅ ብዬ። የአዋቂ አገኘሁ። ስራመድ ይንኮሻኮሻል። ማሙሸት፣ አጠገቤ የሚሰፋው ጓደኛዬ፣ «ኪስህ ውስጥ ብስኩት አለ?» አለኝ። ደግሞ የትስ ይጣላል? ግቢያችን አንድ ቆሻሻ መጣያ ነው ያለው፣ ለስድስት ቤት።
ስንቱ ሰው ሆዱን፣ ጎባጣ ትከሻውን፣ አጭር እግሩን በእኔ ስፌት ሸፍኖ ሰርግ ሄዷል። ለራሴ አንድ ሙታንታ መስፋት ያቅተኛል? የሚታጠብ፣ ድምፅ የሌለው፣ ከላይ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ሙታንታ የሆነ።

ሐምሌ 12
አንዋር መስጊድ አካባቢ ብትን ጨርቅ የምትሸጠው መሊካ ጋ ሄድኩ። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ባሏ የሞተባት፣ ጨርቅ በጣቷ ዳስሳ የት አገር እንደተሠራ የምትናገር ሴት።
«ውሃ የማያሳልፍ፣ ግን የማይንኮሻኮሽ? ለምንድነው ጋሼ ይገረም?»
«ለአንድ ደንበኛዬ እናት ነው። ሽንት አልይዝ ብሏቸው።»
«አላህ ያሽራቸው። ወገባቸው ስንት ነው?»
«ዘጠና አራት» አልኩ ሳላስብ።
ቀበቶዬን አየት አደረገችና ወዲያው ወደ መደርደሪያው ዞረች። ስስ የዝናብ ልብስ ጨርቅ አወጣችልኝ፣ ጥቁር፣ እንደ ሐር የሚለሰልስ። «ከላዩ ፎጣ ይሁን፣ ከፎጣው ላይ ደግሞ ሰውነት የማይቆረቁር ጥጥ ይሁንላቸው» አለችኝ። ከየት እንዳወቀች አልጠየቅኩም።

ሐምሌ 15
የመጀመሪያውን ማሙሸት ለምሳ ሲወጣ ሰፋሁት። በጣም ያምራል። አልሠራም። ውሃው አዲሱ ፎጣ ላይ ተንሸራቶ በጭኔ ወረደ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ሱሪ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ዋልኩ።

ሐምሌ 16
መሊካ ሳቀች። «አዲስ ፎጣ አይጠጣም እኮ! ሦስት አራቴ ይታጠብ። ለእናትየው ይንገሯቸው።»
«እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

ሐምሌ 20፣ እሑድ
ዛሬም ከውጭ። ሁለት ሴቶች ሲያልፉ አንዷ «ያ ልብስ ሰፊው አይደል? እስካሁን?» አለች። ሌላዋ «ተይ ባክሽ፣ ስንት ጉድ አለ» ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሸትቼያቸው መሆን አለበት። ሁለት እርምጃ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ።

ሐምሌ 23
ሁለተኛው ሠራ! ፎጣው አራቴ ታጥቦ ነበር። ከጠዋት እስከ ሰባት ሰዓት፣ ከላይ ጠብታ የለም። እየዘለልኩ ብሄድ ደስ ባለኝ። ለውጬ አጠብኩትና፣ በዚህ ክረምት ምን ይደርቃል፣ ካውያ አደረግኩበት። የዝናብ ልብሱ ቀልጦ ካውያው ላይ ተጣበቀ። ሰፈሩ ጢስ በጢስ ሆነ።
«ምን አቃጠልክ?» አለ ማሙሸት።
«ገበር ነው።»
«ስማ» አለኝ ወንበሩን አስጠግቶ። «በፌስታል የምትደብቃት ነገር፣ መሊካ ሱቅ የምትመላለሳት ነገር… እኔ ዕውር አይደለሁም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጎርምሰሃል ልበል?» ብሎ ጀርባዬን መታ አደረገኝ። ማሙሸት ቀልድ ይወዳል። ካውያውን ስፍቅ ዋልኩ።

ሐምሌ 28
ሻይ አንድ። ውሃ የለም። መብራትም የለም።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መርካቶ ዝም ይላል፤ በዓመት ውስጥ ዝም የሚለው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ጭንቅላቴን የስፌት መኪናው ላይ፣ የሱሪ ክምር ላይ አሳረፍኩ። መንገዱ ሁሉ ውሃ ሆኖ ታየኝ። ማንም አልተገረመም። ተሸካሚዎቹ እስከ ደረታቸው ገብተው ሣጥን ይዘው ያልፋሉ፤ ጣቃዎቹ ከየሱቁ ራሳቸውን እየፈቱ ይወጣሉ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ የሙሽራ ነጩ፣ ቀስ እያሉ ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳሉ። ሙቀት አለው ውሃው። ባይነሽ ከማዶ ደረቅ ሱሪ በክንዷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። «ያንተ ነው?» ትለኛለች፤ አዎ ልላት ስል ሱሪው በጣም ትልቅ ሆኖ፣ የሌላ ሰው ሆኖ ይታየኛል። ለረጅም ጊዜ በዚያ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፌ ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር።
ስነቃ ደርቄ ነበር። ማለቴ ከላይ። ሙታንታው ሁሉንም ይዞታል።

ነሐሴ 2
ስድስቱም አለቁ። ሁለት ለብሼ፣ ሁለት ታጥቦ፣ ሁለት ሲደርቅ። የሚደርቁት እዚሁ ሱቅ፣ ከተማሪዎች ሱሪ ኋላ ነው። ቤት ውስጥ ሳጥብ ባይነሽ አንዴ ደርሳብኝ «ከመቼ ጀምሮ ነው የውስጥ ልብስህን አንተ የምታጥበው?» አለችኝ። «ላግዝሽ ብዬ» አልኳት።
ፍልሰታ ገባ። እሷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልታስቀድስ ተዘጋጅታለች። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ እውጭ። አሁን ከላይ ደረቅ ነኝ፣ ታዲያ ለምን አልገባም? ልብሱ ደረቀ እንጂ እኔ አልደረቅኩም። የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው ደግ ነበር። ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው?

ነሐሴ 7
መነጽሬን ቤት ረስቼው ባይነሽ ሱቅ ድረስ አምጥታልኝ ነበር። እኔ ላስቲክ ልገዛ መሊካ ጋ ሄጄ ነበር። ማሙሸት «እዚያ ነው፣ ሁልጊዜ እዚያ ነው ብያታለሁ» አለኝ፣ ፊቱን አዙሮ። መነጽሩ መኪናው ላይ ተቀምጧል። ልትጠብቀኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ነበር አሉ፤ ከዚያ በድንገት ተነስታ ሄደች። ወንበሩን በጄ ዳሰስኩት፣ አሸተትኩት። ሽታ የለውም፣ ወይም እኔ ለምጄዋለሁ። ስፖንጁን አውጥቼ ጣልኩ።

ነሐሴ 9
ፊት ለፊቴ አትቀመጥም። ከቅዳሴ መልስ ምግቡን አቅርባ ጓዳ ትገባለች። ልክ ናት። እኔ ብሆን መስኮትም እከፍት ነበር።

ነሐሴ 13
ለቡሄ ልጄ ዮርዲ ከሐዋሳ ደወለች።
«አባዬ፣ እማዬን ምን አድርገሃት ነው?»
«ምንም።»
«ታለቅሳለች እኮ። አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ያለ ነገር…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። በዚህ ዕድሜዬ ቁጭ ብዬ አሥር ሰዓት መሥራት የለብኝም፣ እሱን ነው የምትለው። «ዩኒፎርሙ ሲያልቅ አርፋለሁ» አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። ልጄ ስልክ ዘግታብኝ አታውቅም።

ነሐሴ 16
ጾሙ ተፈታ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደጅ። ማታ ሥጋ በላሁ፣ ጣዕም የለውም።
ቀን መሊካን ላመሰግናት ብዬ ሄጄ ነበር።
«የደንበኛዎ እናት እንዴት ሆኑ?»
«ደህና ናቸው። ልብሱ ረድቷቸዋል። ቤተክርስቲያን ብቻ አይገቡም፣ ከደጅ ይቆማሉ።»
ሜትሯን አስቀመጠች። «አባቴን እንዲህ አድርጎት ነበር፣ አምስት ዓመት። እኔ ነበርኩ የምሰፋለት። ሸሁን ጠየቅንለት፣ ለየሰላቱ ውዱእ ያድርግና ይስገድ አሉት። አንድ ሰላት ሳያመልጠው ሞተ። የእርስዎ ደንበኛ እናት ቄሱን ጠይቀዋል?»
«አፍረው ነው።»
«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «አይዞዎት ይበሏቸው።»
አንገቴን አቀርቅሬ ወጣሁ። የማላውቃቸው እናት ናፈቁኝ፤ ማን አስተዛዝኗቸው ያውቃል?

ነሐሴ 25፣ እሑድ
ባይነሽ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።
«ይገረም፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ሁለት ወር ችያለሁ። ከዚህ በላይ ግን አልችልም።»
የፈራሁት ቀን መጣ። ሽታው ነው። «እውነትሽን ነው» አልኳት። «እኔ ብሆን ይህን ያህል አልታገስም ነበር። አንቺ ላይ ይህን ማድረጌ ያሳፍረኛል።»
ፊቷ አመድ ሆነ። ላጽናናት ፈልጌ «ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው፣ ሳላስበው ነው የሚሆነው» አልኳት። ተነስታ ሻንጣ አወረደች። በጳጉሜን ወሊሶ እህቷ ጋ ትሄዳለች። በዓሉንም እዚያው ነው የምታሳልፈው።
እንዳትሄጅ ማለት ነበረብኝ። ምን መብት አለኝ ብዬ ተውኩት። ፈሪ ነህ፣ ይገረም።

ነሐሴ 29
ሻይ የለም። ውሃ አልለካሁም። ያመለጠኝንም አልቆጠርኩም።
ሱሪዎቹ አለቁ። ማሙሸት «እንኳን ደስ አለህ» ቢለኝ ማን እንደሞተብኝ ልጠይቀው ፈለግኩ።

ጳጉሜን 3
በንጋት አውቶቡስ ተራ ነበርን። የወሊሶው መኪና ገና ሰው አልሞላም። ሻንጣዋን እኔ ካልያዝኩ ብዬ ታገልኳት፤ ሳነሳው አመለጠኝ፣ ሙታንታው ያዘው። ከውጭ ምንም የለም። ባይሠራልኝ ኖሮ ምናለ እስከማለት ደረስኩ።
ዛሬ ሩፋኤል ነው። ዝናቡ ሲጀምር ሰዉ ከመጠለል ይልቅ ከየጣሪያው ሥር ወጣ። ጠበል ነዋ። ተሸካሚው ጭነቱን አውርዶ ሸሚዙን አወለቀ፣ አሮጊቶቹ ሻሻቸውን ፈቱ፣ ረዳቱ «ወሊሶ፣ ወሊሶ» እያለ ፊቱን ወደ ሰማይ ሰጠ። እኔም ወጣሁ። ውሃው በአንገቴ ገብቶ በሱሪዬ ወረደ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ደረቅ ሰው አልነበረም። ባይነሽም ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ጉንጯ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሁን ሌላም ይኑርበት አላወቅኩም። ያኔ አፌ ተከፈተ።
«ባይነሽ፣ እስከ ጥቅምት ታገሽኝ። ዶክተሯ ይተውሃል ብላኛለች።»
ዓይኗን ከፈተች። «ደግሞ ዶክተር ናት?»
«ማን?»
«እሷ ናታ! እኔ ያቺ ጨርቅ ሻጭ መስላኝ!»
ሶፋው፣ ፌስታሉ፣ መሊካ፣ ሁለት ወር የቆምኩበት የራጉኤል በር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ለካ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።
«ሽንቴን ነው» አልኳት። «ሽንቴን መያዝ አቅቶኝ ነው!»
ጮክ ብያለሁ መሰለኝ፣ ረዳቱ ወሊሶ ማለቱን አቆመ።
አላመነችኝም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ሁሉ በራሰበት ቦታ ምን ይታያል? ከጃኬቴ የውስጥ ኪስ መለወጫውን አውጥቼ ሰጠኋት። ገለበጠችው። ፎጣውን ጨመቀች፣ የዝናብ ልብሱን በሁለት ጣቷ አሸች፣ በስፌቱ ላይ ጥፍሯን አስኬደች። ሠላሳ አንድ ዓመት የልብስ ሰፊ ሚስት ናት።
«ይህ ያንተ እጅ ነው» አለች።
ከዚያ በቡጢ ደረቴን መታችኝ። «ክረምቱን ሙሉ የሌለች ሴት ስረግም አስከረምከኝ! ጸጉሯን ሳይቀር አውቀው ነበር! ቀሚሷን አውቀው ነበር! በጾም በጸሎት ሞቷን ስለምን ከረምኩ፣ አንተ ጉድ!» እያለች መታችኝ፣ እየመታችኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። የወሊሶው መኪና ሞላና ጥሎን ሄደ።

ጳጉሜን 4
እጄን ይዛ የነፍስ አባታችን ጋ ወሰደችኝ። እኔ እየተንተባተብኩ፣ እሷ እየጨረሰችልኝ ተነገራቸው።
«ማን ከለከለህ?» አሉኝ ተቆጥተው። «ሕመም እኮ ነው! መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው ንጹሑን ልብስህን ለብሰህ ትገባለህ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መስሎኝ፣ ከዚያች ሴት ያላቅቅህ ብዬ ስጸልይልህ ከረምኩ።»
እሳቸውም!

ጳጉሜን 5
ሶፋውን ወደ ቦታው መለስነው። ሌሊት እንዳይደርስባት ፈርቼ ጫፍ ላይ ስተኛ «ፍራሽ ይታጠባል» አለችኝ።
ስድስቱንም አውጥታ መረመረቻቸው። የውስጡን ስፌት ፈትታ ወደ ውጭ አዞረችው፤ «ጭንህን ልጦታል፣ እንዴት አልታወቀህም?» ታውቆኝ ነበር፣ የሚገባኝ መስሎኝ ነው። አጥባ በግቢው ገመድ ላይ፣ በስድስቱ ቤት ፊት ሰጣቻቸው። ጎረቤታችን ምንድነው ብትላት «የባሌ ነው፣ ራሱ ነው የሰፋው» አለቻት። ከበዓሉ በኋላ መሊካን ይቅርታ ልትጠይቃት ነው። መሊካ ለምን እንደሆነ አይገባትም፤ ባይገባት ይሻላል።

መስከረም 1
ሻይ ሁለት፣ ውሃ ሁለት ብርጭቆ። በዓላችን፣ የራጉኤል ንግሥ።
ሰማዩ ጠርቷል። ሰዉ ከቅጥሩ አልፎ እስከ ሱቆቹ ድረስ ቆሟል። አዲሱን ጃኬቴን ለብሻለሁ፣ ከሥር ጥቁሩን፣ እሷ ያስተካከለችውን። በሩ ጋ ስንደርስ እንደልማዴ ወደ ወንዶቹ በኩል ዞርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ በር ተለያይተን፣ ሲያልቅ እዚሁ ነው የምንገናኘው። እጅጌዬን ያዘችኝ።
«ዛሬ እዚሁ እንቁም።»
«ግባ ተብያለሁ እኮ!»
«ለሚቀጥለው ትገባለህ። ዛሬ ከእኔ ጋር ቁም።»
ከደጅ የወንድ በኩል የሴት በኩል የለም። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ ቆምን። ሁለት ወር ሙሉ በቆምኩበት ቦታ ላይ ነው፣ ግን ቦታው ሌላ መሰለኝ። ከድምፅ ማጉያው ዜማው ይመጣል፣ ከሰዉ ራስ በላይ ነጠላው ሁሉ ነጭ ሆኖ በፀሐይ ይንቀሳቀሳል። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሆኜ ስሰማ ከፊቴ ያለው ሰውዬ አስነጠሰ፤ እኔም አስነጠስኩ።
«አመለጠኝ» አልኳት በጆሮዋ።
ዓይኗን ከፊቷ አላነሳችም። «ቀጥ ብለህ ቁም» አለችኝ፣ «ወንጌል እየተነበበ ነው።»